ከማንቶቫ ተነስቶ ማንቶቫ መመለስ፦ በፖ ወንዝ ሜዳ ላይ የአምስት ቀን የብስክሌት ዙር

ሰሜን ጣሊያን ውስጥ፣ ከጋርዳ ሐይቅ በስተደቡብ፣ ዳገት የማይታወቅበት አገር አለ። የፖ ወንዝ ሜዳ ይባላል። ፖ 652 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የጣሊያን ትልቁ ወንዝ ነው። ከሞንቪዞ ተራራ ይነሳና አድሪያቲክ ባሕር ይገባል። ይህን ሜዳ የሠራው እሱና ገባሮቹ ለብዙ ሺህ ዓመታት እየጠረጉ ያመጡት አፈር ነው።

እዚህ የማሳያችሁ ዙር ከማንቶቫ ከተማ ይነሳል። ሚንቾ የሚባለውን ወንዝ ይዞ ወደ ፖ ይወርዳል፣ ፖን ተሻግሮ በዳሩ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፣ ወንዙን እንደገና ተሻግሮ ሳቢዮኔታ ይገባል፣ ከዚያ ማንቶቫ ይመለሳል። በድምሩ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ቀን በእግር፣ አራቱ ቀን በብስክሌት። በቀን ከ30 እስከ 45 ኪሎ ሜትር ብቻ።

ጠንካራ ብስክሌተኛ ይህን ዙር በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። እኔ ግን አልመክርም። የዚህ አገር ጣዕሙ በመንገዱና በትንንሾቹ ከተሞች መካከል ነው። ከተሞቹ ደግሞ ለቸኮለ ሰው አይከፈቱም፤ እኩለ ቀን ላይ ሱቁም ቤተ ክርስቲያኑም ተዘግቶ ይቆያችኋል። ስለዚህ ጠዋት ንዱ፣ ምሳ ላይ ቁጭ በሉ፣ ከሰዓት ቀሪዋን ጨርሱ፣ ማታ እዚያው እደሩ። ስፖርተኛ መሆን አያስፈልግም። ሚዛን ጠብቆ መንዳት የሚችል ሰው ሁሉ ይችለዋል።

ለማሳሰብ ያህል፣ ከታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወራቱን ግን በእኛ ነው የምጠራቸው።

መቼ ይኬዳል?

ሁለት ጥሩ ወቅቶች አሉ። አንዱ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ነው። ሌላው መስከረም። ከሁለቱ ምረጥ ብባል መስከረምን እመርጣለሁ። ሙቀቱ በርዷል፣ ወይኑ ይለቀማል፣ ዱባው ደርሷል። ማንቶቫ ደግሞ የዱባ አገር ናት።

ሐምሌና ነሐሴ ከባድ ናቸው። ሙቀቱ 35 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላቡ አይደርቅም። ቢምቢውም አያስቀምጥም። በክረምታቸው ደግሞ ሜዳውን ጉም ይሸፍነዋል፤ አንዳንድ ቀን ከፊታችሁ ያለው ብስክሌት እንኳ አይታይም።

ለበጋቸው አንድ ምክንያት አለ። ማንቶቫን ከሚከቡት ሦስት ሐይቆች ትልቁ፣ የላይኛው ሐይቅ፣ በሐምሌ የሎተስ አበባ ይለብሳል። አበባው ከእስያ መጥቶ በ1921 ነው የተተከለው። ዛሬ ሰፊ የሐይቁን ክፍል ይዟል፣ በጀልባ መሃሉ ይገባል። ይህን ለማየት የመጣ ሰው ማልዶ 12 ሰዓት ላይ ይነሳ፣ 5 ሰዓት ሳይሞላ መንዳቱን ያቁም።

በጳጉሜ አካባቢ ማንቶቫ ከ1997 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ ትልቅ የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል አለ። መጻሕፍት ለሚወድ ሰው ግሩም ነው። አልጋ ግን ከወራት በፊት ይያዛል። ካልያዛችሁ ከዚያ ሳምንት ራቁ።

እንዴት ይደረሳል?

ከቬሮና ማንቶቫ በክልል ባቡር 45 ደቂቃ ገደማ ነው። ከሚላኖ ቀጥታ ባቡር አለ፣ ሁለት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። በሚላኖ የምታልፉ ከሆነ ፖርታ ቬኔዚያ ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል። ለአምስት ቀን እንጀራ ስለማታገኙ እዚያ ጠገብ ብሎ መነሳት አይከፋም።

የራሳችሁን ብስክሌት ይዛችሁ ከመጣችሁ የምትሳፈሩት የብስክሌት ምልክት ያለበት የክልል ባቡር ላይ ነው። ለብስክሌቱ የተለየ ቲኬት ይቆረጣል። በፈጣኖቹ ባቡሮች ግን ተጣጥፎ ወይም ተፈትቶ ከረጢት ውስጥ ካልገባ አይጫንም። የወረቀት ቲኬት ከያዛችሁ ሳትሳፈሩ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን አስመቱት። ይህን ረስቶ የሚቀጣ እንግዳ ብዙ ነው።

ብስክሌቱን መምረጥ

ማንቶቫ ላይ መከራየት ይቀላል። ቀና ብሎ የሚቀመጡበት፣ መካከለኛ ወፍራም ጎማ ያለውን ጠይቁ። ቀጭን ጎማ ያለው የእሽቅድምድም ብስክሌት አይሆንም፣ መንገዱ አልፎ አልፎ ጠጠር ነው። ኤሌክትሪክ የግድ አይደለም። ነገር ግን ከናንተ ጋር በዕድሜ የገፋ ሰው ካለ ወይም አንዱ ጎበዝ ሌላው ደካማ ከሆነ ለደካማው ኤሌክትሪክ ተከራዩለት። አብሮ መሄድ የሚቻለው ያኔ ነው።

ከሱቁ ሳትወጡ አሥር ደቂቃ ውሰዱ። መጀመሪያ ጎማውን በአውራ ጣት ጫኑት። በቀላሉ ከጎደጎደ ይነፋላችሁ። ከዚያ የፊቱን ፍሬን ጨብጣችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊት ግፉት፤ የፊት ጎማው መሽከርከር የለበትም። የኋላውንም እንደዚያው። ቀጥሎ ኮርቻው። ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ካለ ልኩ ነው። ጉልበታችሁ ከታጠፈ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፣ ከፍ ይደረግ። ዳገት በሌለበት አገር ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች አብዛኞቹ ኮርቻቸው ዝቅ ያለ ነው። ሜዳ ላይ ፔዳሉ እረፍት አይሰጥም፤ ያችው ትንሽ ስህተት በቀን ሺህ ጊዜ ትደጋገማለች።

ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ትንሽ መንፊያ፣ ጠንካራ ቁልፍና ከኋላ የሚንጠለጠል ውሃ የማያስገባ ቦርሳ አብረው ይስጧችሁ። በጀርባ ሻንጣ አትንዱ። ከኮርቻው በላይ ምንም ክብደት አትሸከሙ።

ሕጉን በተመለከተ፦ ደወል ግዴታ ነው። ሲመሽ መብራት ግዴታ ነው። ከከተማ ውጭ ፀሐይ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስም ግዴታ ነው። ሄልሜት ለአዋቂ አይገደድም፣ እናንተ ግን አድርጉ። ጠጥቶ መንዳት በብስክሌትም ያስቀጣል። ላምብሩስኮ የሚባለው የአካባቢው ቀይ ወይን ቀዝቅዞ ነው የሚቀርበው፣ አረፋም አለው፣ በሙቀት ሲጠጣ እንደ ለስላሳ ይወርዳል። ማታ፣ ብስክሌቱ ከቆመ በኋላ ይጠጣ። ለድንገተኛ አደጋ 112 ይደወላል።

አርጂኔውን ማወቅ

ይህን ክፍል ሳታነቡ አትለፉ፤ የጉዞው ግማሽ እዚህ ላይ ነው።

ፖ ሲሞላ የሚያስፈራ ወንዝ ነው። በኅዳር 1951 ከዚህ ዝቅ ብሎ ባለው ፖሌዚኔ በሚባለው አገር ጥሶ ወጥቶ ወደ መቶ የሚጠጋ ሰው ገደለ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ አፈናቀለ። ስለዚህ ወንዙ በሁለቱም በኩል በከፍተኛ የአፈር ክምር ታጥሯል። ይህ ክምር ነው አርጂኔ የሚባለው። ካርታም ላይ ታፔላም ላይ ይህን ስም ታገኙታላችሁ። አናቱ ላይ ጠባብ መንገድ አለ። እናንተ የምትነዱት እዚያ ላይ ነው።

ከላይ ሆናችሁ በአንድ በኩል እርሻው፣ የጡብ ቤቶቹና የቤተ ክርስቲያን ደወል ማማዎቹ ከእግራችሁ በታች ይታያሉ። ቤቶቹ ከወንዙ ሙላት በታች እንደተሠሩ ያኔ ይገባችኋል። በሌላው በኩል ያለው በአርጂኔውና በወንዙ መካከል የቀረው መሬት ጎሌና ይባላል። ወንዙ ሲሞላ የሚተኛበት ቦታ ነው። በመስመር በመስመር የተተከለ ረጅም ዛፍ ይሸፍነዋል። ዛፉ ፖፕላር ነው። ከ10 ዓመት በላይ ሲሆነው ተቆርጦ ኮምፔንሳቶ ይሠራበታል።

እንግዲህ ወንዝ ዳር ነው ስለተባለ ወንዙን ቀኑን ሙሉ የምታዩት እንዳይመስላችሁ። ብዙውን ጊዜ ፖፕላሩ ይጋርደዋል። ወንዙን ለማየት ከአርጂኔው በአንዱ መውረጃ ወደ ጎሌናው ግቡ። በዛፎቹ መካከል ባለው የአፈር መንገድ ጥቂት ደቂቃ ስትነዱ ነጭ አሸዋ ታገኛላችሁ። ሳቢሳው ጥልቀት በሌለው ውሃ ዳር በአንድ እግሩ ቆሞ ይጠብቃል። በቀን አንዴ ይህን አድርጉ። ነገር ግን ከባድ ዝናብ ከዘነበ ወይም ውሃው ዛፎቹ ሥር ከደረሰ ጎሌና አይገባም። አትዋኙም። ላይ ላዩ የተኛ የሚመስለው ውሃ ከሥሩ በኃይል ይስባል።

አነዳዱ ቀላል ነው። ቀኝ ያዙ፣ አንዳንዱ ክፍል የአካባቢው መኪና ያልፍበታል። ከአርጂኔው ስትወርዱ ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ያዙ። መውረጃው ግርጌ ላይ ጠጠር ይጠራቀማል፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው። ጥላ የለም፤ ባርኔጣ፣ የፀሐይ ቅባትና ቢያንስ 1.5 ሊትር ውሃ ያዙ። በየመንደሩ አደባባይ የቧንቧ ውሃ አለ። "ኖን ፖታቢሌ" የሚል ከተጻፈበት አይጠጣም።

ዳገት የሌለበት አገር ላይ የሚያደክመው ንፋስ ነው። ከፊት ሲመጣ ማርሽ አቅልሉና ተራ በተራ እየተቀያየራችሁ ከፊት ንዱ። ፍጥነት ቢቀንስም አትጨነቁ፤ ያቀድነው 40 ኪሎ ሜትር ነው።

ታፔላዎቹ ላይ ዩሮቬሎ 7፣ ዩሮቬሎ 8 ወይም ቬንቶ የሚል ታያላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አውሮፓን የሚያቋርጡ መስመሮች ናቸው። ቬንቶ ከቬኔዚያ ቶሪኖ በፖ ዳር የሚዘረጋው ነው። አንዳንድ ቦታ ታፔላው ይጠፋል፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ ስልካችሁ ላይ አውርዱ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ማንቶቫ በእግር

ማንቶቫን ለአራት መቶ ዓመት ገደማ የገዛው የጎንዛጋ ቤተሰብ ነው። ገንዘባቸውን ሥዕልና ሕንጻ ላይ አፈሰሱት። ከተማዋ ከሳቢዮኔታ ጋር በ2008 የዩኔስኮ ቅርስ ሆናለች።

ጊዜያችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ የመስፍኑን ቤተ መንግሥት፣ ፓላትሶ ዱካሌን፣ ምረጡ። ውስጡ ሠዓሊው አንድሬያ ማንቴኛ በ1474 ሥሎ የጨረሰው ክፍል አለ። የጎንዛጋ ቤተሰብ ከነውሻቸው ግድግዳው ላይ ቆመዋል። ከዚያ ቀና በሉ። ጣሪያው መሃል ላይ ክብ ቀዳዳ ያለ ይመስላል። ሴቶችና ክንፍ ያላቸው ሕፃናት በዳሩ ተደግፈው ቁልቁል ያዩአችኋል። ከጀርባቸው ሰማይ አለ። ቀዳዳ የለም፣ ሁሉም ቀለም ነው። ወደ ክፍሉ የሚገባው በሰዓት ተከፋፍሎ ስለሆነ ቀድማችሁ ያዙ። ሰኞ ቤተ መንግሥቱ ዝግ ነው፤ ጉዞውን ስታቅዱ ይህን አስሉ።

ተጨማሪ ጊዜ ካላችሁ ፓላትሶ ቴ ሂዱ። ጁሊዮ ሮማኖ የሠራው የግዙፎቹ ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ ጥግ የሌለው ሥዕል ነው። ግንብ በላያችሁ የሚወድቅ ይመስላል። ልጆች ይወዱታል።

ማታ ወደ ሳን ጆርጆ ድልድይ ውጡና ከተማዋን ከውሃው ማዶ እዩአት። ሐይቆቹ የተፈጥሮ አይደሉም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሚንቾን ውሃ ገድበው ነው ከተማዋን የከበቡት።

ለእራት ቶርቴሊ የሚባለውን በዱባ የተሞላ ፓስታ እዘዙ። ዱባው ከአማሬቶ ብስኩት፣ ከሰናፍጭ ጋር ከተቀቀለ ፍራፍሬና ከአይብ ጋር ይፈጫል። ጣፋጭ ነው፣ ቅመሙም ይቆነጥጣል። መጀመሪያ ጉርሻ ላይ ትገረማላችሁ፣ ሦስተኛው ላይ ትወዱታላችሁ።

ሁለተኛው ቀን፦ ማንቶቫ – ሳን ቤኔዴቶ ፖ፣ 30 ኪሎ ሜትር

ከታችኛው ሐይቅ ዳር ተነሱና ሚንቾን በግራ አድርጋችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ንዱ። የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ከማዶ የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ ይታያል። አያምርም። ቶሎ ያልፋል። ፒዬቶሌ ስትደርሱ በሮማው ባለቅኔ በቨርጂል አገር ናችሁ፤ በ70 ዓመተ ዓለም እዚህ አካባቢ እንደተወለደ ይታመናል። ቀጥሎ ቫላትሳ የሚባለው ረግረግ ይመጣል። ሸምበቆው ከራሳችሁ በላይ ነው። እዚህ ዝም ብላችሁ ንዱ፣ ወፎቹ በድምፅ ይበራሉ።

20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጎቬርኖሎ ነው። ሚንቾ ፖ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ያለው የመጨረሻ መንደር ነው። ጀልባ ከአንዱ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን በር እዩ። የአካባቢው ሰው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ ቀዳማዊ በ452 የሁኖቹን ንጉሥ አቲላን አግኝተው ወደ ሮማ እንዳይዘምት የመለሱት እዚህ ነው ይላል።

ከዚህ በኋላ የቀኑ አንድ አስጨናቂ ነገር ይመጣል፤ ፖን የሚሻገረው ድልድይ። ከባድ መኪና ይበዛበታል። ሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ አትሻገሩ። ሰልፍ ይዛችሁ፣ ሳትቆሙ እለፉ። ጠዋት ከማንቶቫ ስትነሱ ያደራችሁበትን ቤት ስለ ድልድዩ ጠይቁ፤ የት በኩል መሻገር እንደሚሻል ያውቃሉ።

ሳን ቤኔዴቶ ፖ በአንድ ትልቅ ገዳም ዙሪያ የተሠራች ትንሽ ከተማ ናት። ገዳሙ ፖሊሮኔ ይባላል፣ በ1007 ተመሠረተ። የካኖሳዋ ማቲልዳ፣ በመካከለኛው ዘመን ጣሊያን ከማንም በላይ ኃያል የነበረችው ሴት፣ በ1115 ስታርፍ የተቀበረችው እዚህ ነው። ኋላ አጽሟ ሮማ ተወስዶ ቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ውስጥ አርፏል። ቤተ ክርስቲያኑን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያደሰው ያው ጁሊዮ ሮማኖ ነው። በግንቦት 2012 የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ነገር ጎድቷል። ከሰዓት በኋላ ሰፊው አደባባይ ላይ ቡና ይዞ መቀመጥ፣ ሌላ ምንም አለመሥራት፣ የዚህ ቀን ፕሮግራም ነው።

ሦስተኛው ቀን፦ ሳን ቤኔዴቶ ፖ – ጉዋስታላ፣ 40 ኪሎ ሜትር

ረጅሙ የአርጂኔ ቀን ነው። ፖን በቀኝ አድርጋችሁ ወደ ምዕራብ ትነዳላችሁ። መንደሮቹ ትንንሽ ናቸው፣ ሱቅ ያለው ጥቂቱ ነው። ውሃና ምሳ ከጠዋቱ ያዙ። የደከመው ሰው ካለ ሱዛራ ላይ ባቡር አለ። ከሱዛራ ፓርማ የሚሄደው ትንሽ መስመር ሉዛራ፣ ጉዋስታላ፣ ጓልቲየሪና ቦሬቶ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ዛሬም ነገም ከመንገዳችሁ ብዙ ሳትርቁ መውጫ አላችሁ።

አይብ የምትገዙት ዛሬ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው። በማንቶቫ አውራጃ ፓርሚጃኖ ሬጃኖ መሥራት የሚፈቀደው ከፖ ደቡብ ብቻ ነው። ከወንዙ ሰሜን ያለው ገበሬ ግራና ፓዳኖ ይሠራል። ትናንት ድልድዩን ስትሻገሩ የአይብ ድንበርም ተሻግራችኋል።

አይብ ቤቱ ካዜፊቾ ይባላል። ሥራው ጠዋት ስለሆነ ማየት ከፈለጋችሁ ከአንድ ቀን በፊት አስደውሉ። የማታውና የጠዋቱ ወተት ትልልቅ የመዳብ ጋን ውስጥ ይቀላቀላል። የረጋው ወተት በትልቅ መምቻ ይሰባበራል፣ ይሞቃል፣ ታች ይዘቅጣል። ከዚያ ሁለት ሰው በጨርቅ ያነሱታል። አንድ ድፍን አይብ ለመሥራት ወደ 550 ሊትር ወተት ይገባል። ክብደቱ 40 ኪሎ ገደማ ነው። ቢያንስ 12 ወር ይቀመጣል። እናንተ ግን 24 ወር የሆነውን ጠይቁ። ሲሸጡላችሁ አይቆርጡትም፤ አጭር ሹል ቢላ ሰክተው ይሰነጥቁታል። ውስጡ ነጫጭ ነጠብጣብ አለ፣ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። የብስለቱ ምልክት ነው። አየር በሌለው ላስቲክ ካሸጉላችሁ ቦርሳ ውስጥ ለቀናት ይቆያል።

ስለ ምግብ ካነሳን፣ ለብዙ አንባቢዎቼ የሚያስፈልገውን ልናገር። ይህ አገር የአሳማ አገር ነው። ሳላሜው፣ የማንቶቫው ሩዝ፣ ፓስታው ውስጥ ያለው ሥጋ በአብዛኛው አሳማ ነው። ዳቦና የተጠበሰ ሊጥም በአሳማ ስብ ይሠራል። የማትበሉ ከሆነ "ሴንዛ ማያሌ" በሉ። ስለ ስቡ ለብቻው "ቼ ስትሩቶ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ አስተናጋጅ ስብን ሥጋ ብሎ አይቆጥረውም። የአህያና የፈረስ ወጥም ሜኑ ላይ አለ፣ "አዚኖ" እና "ካቫሎ" የሚሉትን ቃላት ለዩ። ፍልሰታን ወይም ረቡዕና አርብን ለሚጾም ሰው የዱባው ቶርቴሊ አይሆንም፤ እንቁላልም አይብም አለበት። ፖለንታ (የበቆሎ ገንፎ)፣ ባቄላ፣ የተጠበሰ አትክልትና በቲማቲም የተሠራ ደረቅ ፓስታ ይሻላል። "ሴንዛ ቡሮ፣ ሴንዛ ፎርማጆ" (ያለ ቅቤ፣ ያለ አይብ) ማለትን አትርሱ።

ጉዋስታላ የጎንዛጋዎቹ ሌላ ቅርንጫፍ ከተማ ነበረች። ደርባባ ናት፣ በረንዳዎቿ ሥር ጥላ አለ። ማታ ወደ ወንዙ ውረዱ፤ ከተማው ወደ ፖ የሚሄድበት ሰፊ የመዝናኛ ዳርቻ አላት።

አራተኛው ቀን፦ ጉዋስታላ – ሳቢዮኔታ፣ 30 ኪሎ ሜትር

ጓልቲየሪ ከጉዋስታላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፣ ግን ሳትቆሙ አትለፉ። አደባባይዋ በሦስት በኩል በቅስት በረንዳ የታጠረ ትልቅ አራት ማዕዘን ነው፤ ለመንደር አይመስልም። በአራተኛው በኩል ያለው ፓላትሶ ቤንቲቮሊዮ ውስጥ የሠዓሊው የአንቶኒዮ ሊጋቡዌ ሙዚየም አለ።

ሊጋቡዌ በ1899 ዙሪክ ተወለደ። በ1919 ከስዊዘርላንድ አባረው ወደዚህ ላኩት፣ ቋንቋውን አያውቅም ነበር። ጎሌናው ውስጥ በጎጆ ኖረ። የአእምሮ ሕመም ነበረበት፣ ሰው ያሾፍበት ነበር። እሱ ግን ነብርና አንበሳ ይስል ነበር። በ1965 ሲሞት ስሙ በመላው ጣሊያን ታውቆ ነበር። አርጂኔው ላይ ሁለት ቀን ነድታችሁ ሥዕሎቹን ስታዩ የምትረዱት ነገር አለ። ያ ነብር የሚዘልበት ጫካ አፍሪካ አይደለም፣ ትናንት ያለፋችሁበት ጎሌና ነው።

ቦሬቶ ላይ የጀልባ ወደብ አለ። ከዚያ ረጅሙ ድልድይ ወደ ቪያዳና ያሻግራችኋል። የትናንት ወዲያውን የድልድይ ምክር እዚህም ድገሙት። ቪያዳና ለሐብሐብና ለሜሎን የታወቀች ናት። በወቅቱ ከደረሳችሁ መንገድ ዳር ከገበሬው ግዙና እዚያው ብሉ። ወደ ሳቢዮኔታ የቀረው አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሳቢዮኔታን አንድ ሰው ነው ያሠራት፤ ቬስፓዚያኖ ጎንዛጋ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከመንደርነት አንስቶ በኮከብ ቅርጽ ግንብ አጥሮ የራሱን ትንሽ ዋና ከተማ አደረጋት። በ1591 ሲሞት ሐሳቡም አብሮት ቆመ። ከተማዋ ግን እንደተዋት ቀረች። በ1590 የተጠናቀቀውን ቲያትር እዩ። ለቲያትር ተብሎ ራሱን ችሎ ከተሠሩት የዘመናዊ አውሮፓ ሕንጻዎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። የአይሁድ ማኅበረሰብም ነበራት፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የዕብራይስጥ መጻሕፍት ይታተሙባት ነበር። በ1824 የተሠራው ምኩራብ ዛሬም ይጎበኛል። እስራኤል ላሉ አንባቢዎች ይህ ብቻውን የሚያስመጣ ነው።

እዚሁ እደሩ። የአውቶቡስ ቱሪስቶች አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሄዳሉ፣ ከተማዋ ለናንተ ትቀራለች። አልጋ ጥቂት ስለሆነ ቀድሞ መያዝ የሚያስፈልገው ከሁሉም በላይ እዚህ ነው። ባቡር ጣቢያም የላትም።

አምስተኛው ቀን፦ ሳቢዮኔታ – ማንቶቫ፣ 45 ኪሎ ሜትር

ማልዳችሁ ተነሱ። መጀመሪያ ኮሜሳጆ ነው፤ አሮጌ ማማና ቦይ ላይ የተንሳፈፈ የጀልባ ድልድይ አለው። ከዚያ ኦልዮ ወንዝን መሻገር አለባችሁ። ቀላሉ በጋትስዎሎ ያለው መደበኛ ድልድይ ነው። ያማረው ግን ቶሬ ዶልዮ ያለው ነው። ጀልባዎች ላይ የተዘረጋ የእንጨት መንገድ ነው፣ ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ዞር ስለሚል ርቀቱን ይጨምራል። ውሃው ሲበዛ ወይም ሲጎድል ይዘጋል፤ ስለዚህ ጠዋት ሳቢዮኔታ ላይ ክፍት መሆኑን አስጠይቁ።

ማንቶቫ 8 ኪሎ ሜትር ሲቀራት ግራትሲዬ የምትባል መንደር አለች። የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያኗ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቸነፈር ስላለፈ ለምስጋና የተሠራ ነው። ግቡና ወደ ላይ እዩ። ጣሪያው ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለ እውነተኛ የደረቀ አዞ አለ። ግድግዳው ላይ ከሞት የተረፉ ሰዎች ለስለት ያስገቡት ምስል ተደርድሯል። ስለት የሚያውቅ ሐበሻ ይህ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። በየዓመቱ ነሐሴ 9፣ እነሱ የእመቤታችንን ዕርገት በሚያከብሩበት ቀን፣ ከየአገሩ የመጡ ሠዓሊዎች የቤተ ክርስቲያኑን አደባባይ አስፋልት በጠመኔ ቅዱሳን ሥዕሎች ይሸፍኑታል።

ከግራትሲዬ በላይኛው ሐይቅ ዳር ወደ ከተማ ግቡ። የኪራይ ሱቁ ምሳ ሰዓት ላይ ስለሚዘጋ የመመለሻ ሰዓቱን የመጀመሪያው ቀን ላይ ጠይቃችሁ ጻፉ።

አንድ ቀን ከተረፋችሁ ደግሞ ከማንቶቫ በሚንቾ ዳር ወደ ሰሜን፣ ጋርዳ ሐይቅ ላይ እስካለችው ፔስኪዬራ፣ መኪና የማይገባበት የብስክሌት መንገድ አለ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለልጆች ከሁሉም የተሻለው ይሄ ነው። ወደ መጨረሻው ቦርጌቶ የሚባል የወፍጮ መንደር ታገኛላችሁ፣ ምሳ እዚያ ብሉ። ፔስኪዬራ ከሚላኖ ቬኔዚያ በሚሄደው መስመር ላይ ስለሆነች በባቡር ወደ ቤታችሁ መሄድ ትችላላችሁ። የተከራያችሁት ብስክሌት ከሆነ ሱቁ ፔስኪዬራ ላይ ይረከባችሁ እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ፤ ካልሆነ በቬሮና በኩል ከነብስክሌታችሁ በክልል ባቡር ተመለሱ።